ከስንቱ ስንቱ? ፕሮባቢሊቲን በሰው ቁጥር መሥራት

ሶሺዮሎጂ ወይም ሳይኮሎጂ ስትመርጡ ከሒሳብ ተገላገልኩ ብላችሁ ይሆናል። ከዚያ ስታቲስቲክስ የሚባል ኮርስ ዱብ አለ። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ደግሞ ስለ ሳንቲም፣ ስለ ዳይስና ከከረጢት ስለሚወጣ ቀይ ኳስ ናቸው፤ ስለ ምርጫ፣ ስለ ትዳር ወይም ስለ ድብርት ላጥና ብሎ የመጣ ሰው "ይሄ ኳስ ምኔ ነው?" ቢል አይፈረድበትም።

ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው። የሒሳብ ሊቃውንቱ ፓስካልና ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1654 ደብዳቤ የተጻጻፉት የቁማር ጥያቄ ይዘው ነበር። ዳይሱ ከዚያ ወዲህ ከመማሪያ መጻሕፍት አልወጣም። ለእናንተ የሚሻለው ግን በሰው ቁጥር መጀመር ነው። ወረቀት፣ እርሳስና ካልኩሌተር ያዙ። ቀመሮቹን ማወቃችሁ አይቀርም፣ ፈተና ላይ ይመጣሉ፤ ከሰንጠረዥ በኋላ ስታገኟቸው ግን በጣም ይቀላሉ።

1. ሳታሰሉ በፊት የታችኛውን ቁጥር ጻፉ

ለእኛ ሥራ ፕሮባቢሊቲ ማለት ክፍልፋይ ነው። ከላይ የምትፈልጓቸው ሰዎች ብዛት ይገባል፣ ከታች ደግሞ የምታወሩለት ቡድን ጠቅላላ ብዛት። ውጤቱ ሁልጊዜ ከ0 እስከ 1 ባለው ውስጥ ነው። 1.3 ከወጣላችሁ አትጨቃጨቁ፣ ተመልሳችሁ ስህተቱን ፈልጉ።

ተማሪ ነጥብ የሚያጣው ብዙ ጊዜ ላይኛው ቁጥር ላይ አይደለም። እነዚህን ሦስቱን እዩ፦ "ሥራ ካላቸው ሰዎች ውስጥ ድምፅ የሰጡት"፣ "ድምፅ ከሰጡት ውስጥ ሥራ ያላቸው"፣ "ከሁሉም ውስጥ ሥራም ያላቸው ድምፅም የሰጡ"። በሦስቱም ላይኛው ቁጥር አንድ ነው፣ ያው ሰዎች ናቸው። ታችኛው ግን በሦስቱም ይለያያል። ስለዚህ ጥያቄውን አንብባችሁ እንደጨረሳችሁ ሌላ ምንም ሳትነኩ "ከስንቱ?" ብላችሁ ታችኛውን ብቻ ጻፉ። ይቺ ልማድ ብቻዋን ብዙ ስህተት ታስቀራለች፤ የቀረው መመሪያም በአብዛኛው እሷኑ እየደጋገመ ነው የሚሄደው።

2. ሰንጠረዡን ሥሩ

200 ሰዎች መጠይቅ ሞሉ እንበል። ሥራ እንዳላቸውና ባለፈው ምርጫ ድምፅ እንደሰጡ ተጠየቁ። ቁጥሮቹን ለልምምድ እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው፦

| | ድምፅ ሰጡ | አልሰጡም | ድምር |
|---|---|---|---|
| ሥራ አላቸው | 90 | 30 | 120 |
| ሥራ የላቸውም | 40 | 40 | 80 |
| ድምር | 130 | 70 | 200 |

የድምሩን ረድፍና ዓምድ መሙላት እንዳትረሱ። መልሱ የሚመጣው ከእነሱ ነው።

ከ200ው አንድ ሰው በዕጣ ብናወጣ ድምፅ የሰጠ የመሆኑ ዕድል 130 ሲካፈል ለ200 ነው፣ 65 በመቶ። ሥራም ያለው ድምፅም የሰጠ የመሆኑ ዕድል 90 ሲካፈል ለ200፣ 45 በመቶ። አሁን አንድ ሰው ከዕጣው በኋላ "የወጣው ሰው ሥራ አለው" ብሎ ሹክ ቢላችሁስ? ያኔ የታችኛው ረድፍ፣ ሥራ የሌላቸው 80ዎቹ፣ ከጨዋታ ወጡ። በእጃችሁ በረድፉ ላይ ሸፍኑት። የቀረው 120 ሰው ነው፤ ከእነሱ 90ዎቹ ድምፅ ሰጥተዋል፣ ስለዚህ 75 በመቶ። ሁኔታዊ ፕሮባቢሊቲ የሚባለው፣ በመጽሐፉ ውስጥ ቀጥ ባለች መስመር የሚጻፈውና ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው ነገር ይኸው ነው። አንዱን ረድፍ ወይም ዓምድ ሸፍኖ የቀረውን መቁጠር።

አሁን ገልብጡት። ሹክ ያለው ሰው "የወጣው ድምፅ የሰጠ ነው" ቢልስ? የሚሸፈነው ዓምድ ነው፣ የቀረው 130 ነው፣ 90 ሲካፈል ለ130 ወደ 69 በመቶ ይሆናል። 75 እና 69 የሚቀራረቡት በአጋጣሚ ነው። በአምስተኛው ደረጃ ላይ ሰማይና ምድር ሲሆኑ ታያላችሁ።

3. "ወይም" ሲመጣ ሁለቴ የተቆጠሩትን ቀንሱ

ሥራ ያለው ወይም ድምፅ የሰጠ ሰው ስንት ነው? 120 እና 130 ስትደምሩ 250 ይመጣል፣ ከ200 ሰው! ሁለቱም ያላቸው 90ዎቹ ሁለቴ ስለተቆጠሩ ነው። አንዴ ቀንሷቸው፣ 160 ይቀራል፣ 80 በመቶ። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ሁለቱም የሌላቸውን 40 ከ200 ቀንሱ። ያው 160። አለቀ።

4. "እና" ሲመጣ ከማባዛታችሁ በፊት አንዴ አቁሙ

እዚህ ረጋ እንበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጉድ የሚሆነው እዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት፣ "እና" ብላችሁ ሌላ ነገር በጨመራችሁ ቁጥር ሁለቱም አንድ ላይ የመሆናቸው ዕድል ይቀንሳል ወይም ባለበት ይቆማል እንጂ አይጨምርም። ግልጽ ይመስላል አይደል? ሳይኮሎጂስቶቹ ተቨርስኪና ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት ሊንዳ ስለምትባል፣ በተማሪነቷ ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ በጣም ትቆረቆር ስለነበረች አንዲት ምናባዊ ሴት ለሰዎች ካስነበቡ በኋላ የትኛው ይበልጥ ዕድል እንዳለው ጠየቁ፦ "የባንክ ሠራተኛ ናት" ወይስ "የባንክ ሠራተኛ ናት፣ በሴቶች መብት እንቅስቃሴም ትሳተፋለች"? 85 በመቶ ገደማ ሁለተኛውን መረጡ። ሊሆን አይችልም። የሁለተኛው ቡድን አባላት በሙሉ በመጀመሪያው ውስጥ አሉ። ታሪኩ ስለጣመ ዕድሉ አደገ መሰላቸው፤ ጥናት ስታነቡም ሆነ ስትጽፉ በዝርዝር የተሞላ ማብራሪያ ባጋጠማችሁ ቁጥር ይቺን ሊንዳን አስታውሷት።

ቀጥሎ ማባዛቱ። ሁለት ዕድሎችን ዝም ብሎ ማባዛት የሚቻለው አንዱ ስለ ሌላው ምንም የማይነግረን ከሆነ ብቻ ነው፣ ማለትም ነጻ ከሆኑ። ሰንጠረዣችን ላይ እንሞክረው። ሥራ ያለው 60 በመቶ፣ ድምፅ የሰጠ 65 በመቶ ነው። ብናባዛቸው 39 በመቶ፣ ከ200 ሰው 78 ይመጣል። ሰንጠረዡ ላይ ያለው ግን 90 ነው። የ12 ሰው ልዩነት አለ፣ እነዚህ 200 ሰዎች ውስጥ ሥራ ማግኘትና ድምፅ መስጠት ተያይዘው ይሄዳሉ ማለት ነው። (በነገራችን ላይ በኋላ የምትማሩት ካይ ስኩዌር የሚባለው ፈተና ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም፤ ነጻ ቢሆኑ ይመጣ የነበረውን 78 ከመጣው 90 ጋር ያነጻጽርና ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል መሆኑን ይጠይቃል።)

ይህ የክፍል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 እንግሊዝ ውስጥ አንዲት እናት ሁለት ሕፃናት ልጆቿን ገድላለች ተብላ ተፈረደባት። በችሎቱ ላይ የቀረበ የሕክምና ባለሙያ እንዲህ ባለ ቤተሰብ አንድ ሕፃን በድንገት የመሞቱ ዕድል ከ8,543 አንድ ነው አለ፤ ከዚያ ቁጥሩን በራሱ አባዛውና ሁለት የመሞታቸው ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ሆነ። ማባዛቱ የሚሠራው የሁለቱ ወንድማማቾች ሞት ምንም የማይገናኝ ከሆነ ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ወላጅ፣ አንድ ዘር ሆኖ! በቤተሰብ ውስጥ የሚወረስ ችግር ካለ ሁለተኛው ሞት ከመጀመሪያው በኋላ ያን ያህል ብርቅ አይሆንም። የብሪታንያ የስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2001 ቁጥሩ መሠረት የለውም ብሎ በይፋ ተናገረ። ፍርዱ እ.ኤ.አ. በ2003 ተሻረ፤ ለመሻሩ ዋናው ምክንያት ያልቀረበ የሕክምና ማስረጃ ቢሆንም ይግባኙን ያየው ፍርድ ቤት ያንን ቁጥርም ነቅፎታል።

በእናንተ ሥራ ላይ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ይመጣል። ለጥናት ስልክ ትደውላላችሁ፤ በአንድ ጥሪ የመነሳት ዕድሉ 20 በመቶ ነው። በአምስት ጥሪ ቢያንስ አንዴ የመነሳት ዕድሉስ? "ቢያንስ አንድ" የሚል ነገር ስታዩ ተቃራኒውን አስሉ፣ በጣም ያሳጥራል። አንዴም ያለመነሳት ዕድሉ 0.8 ለአምስት ጊዜ ተባዝቶ 0.33 ገደማ ነው፤ ከ1 ስትቀንሱት 67 በመቶ ይቀራል። ሂሳቡ ልክ ነው። ግን አምስቱ ጥሪዎች ነጻ ናቸው? የማያውቀውን ቁጥር ጭራሽ የማያነሳ ሰው አምስቴም ቢደወልለት አያነሳም፤ ሁሌም ጠዋት በሥራ ሰዓት ከደወላችሁም ያንኑ ሰው በዚያው ሰዓት ነው የምታጡት። እናም እውነተኛው ቁጥር ከ67 ዝቅ ይላል ብላችሁ ጠብቁ፣ ሰዓቱንም ቀያይሩ።

5. ጥያቄው የቱ ጋር እንደቆመ እዩ፣ እንዳትገለብጡት

ድብርትን ለመለየት የሚያገለግል አጭር መጠይቅ አለን እንበል። ድብርት ካለባቸው ሰዎች 90 በመቶውን ይለያል። ከሌለባቸው ደግሞ 10 በመቶውን በስህተት "አለባችሁ" ይላል። ጥሩ መጠይቅ ነው። አንድ ተማሪ ሞላና "አለብህ" ተባለ። በእርግጥ ድብርት ያለበት የመሆኑ ዕድል ስንት ነው?

አብዛኛው ሰው 90 ይላል። ተውትና 1,000 ሰው አስቡ። አንድ ነገር ግን ይጎድለናል፣ ከመጀመሪያውኑ ድብርት ያለባቸው ስንት ናቸው? ይህ ካልተሰጣችሁ ጥያቄው ሊመለስ አይችልም፤ ፈተና ላይ ካጣችሁት ጥያቄውን እንደገና አንብቡ፣ አንድ ቦታ ተደብቋል። 5 በመቶ ነው እንበል።

ከ1,000ው 50ው አለባቸው፣ 950ው የለባቸውም። ከ50ው መጠይቁ 45ቱን ያገኛል። ከ950ው 95ቱን በስህተት ይጠራል። "አለባችሁ" የተባሉት በድምሩ 140 ናቸው። ከእነሱ በእርግጥ ያለባቸው 45፣ ማለትም 32 በመቶ። ከሦስት አንድ አይሞላም!

መጠይቁ አልተበላሸም። ጤነኞቹ በጣም ስለሚበዙ የእነሱ ትንሽ ፐርሰንት ከታማሚዎቹ ትልቅ ፐርሰንት በቁጥር ይበልጣል፣ ይኸው ነው። ያንኑ መጠይቅ ከሰዎቹ 30 በመቶው ድብርት ያለባቸው ወደሆነ ክሊኒክ ውሰዱት፦ ከ300ው 270፣ ከ700ው 70፣ በድምሩ 340፤ 270 ሲካፈል ለ340 ወደ 79 በመቶ ነው። ወረቀቱ ያው፣ ጥያቄዎቹ ያው፣ ውጤቱ ግን በሰዎቹ ተቀየረ። ስለዚህ አንድ መለኪያ "90 በመቶ ትክክል ነው" ሲባል ለማን፣ የት ብላችሁ ጠይቁ።

የቤይስ ቀመር የሚባለው አሁን የሠራነው ነው። 1,000 ሰው ይዞ መሥራት ቀመሩን በቃል ከመያዝ የሚሻል ይመስለኛል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ስትሳሳቱ ወዲያው ስለሚታያችሁ። የእንግሊዟ እናት ጉዳይም ሁለተኛው ስህተት እዚህ ነው የሚገባው፦ "ንጹሕ ብትሆን ይህ የመሆኑ ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ" የሚለው "ንጹሕ የመሆኗ ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ" ተብሎ ተነበበ። ከታች ያለው ቡድን ተቀየረ። አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን መግደሏም እጅግ ብርቅ ነገር ስለሆነ መነጻጸር የነበረባቸው ሁለቱ ብርቅ ነገሮች እርስ በርስ ነበር።

6. ድምሩን ከማመናችሁ በፊት ከፋፍሉት

እ.ኤ.አ. በ1973 ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ለድኅረ ምረቃ ካመለከቱት ወንዶች 44 በመቶ ገደማ፣ ከሴቶቹ ደግሞ 35 በመቶ ገደማ ተቀበለ። አድልዎ ነው ብሎ መጮህ ቀላል ነው። በየትምህርት ክፍሉ ሲታይ ግን ሴቶችን በጅምላ የሚጎዳ አሠራር አልተገኘም፤ በአንዳንዱ ክፍል እንዲያውም የሴቶቹ የመግባት ዕድል ይበልጥ ነበር። ሴቶቹ በብዛት ያመለከቱት ወንድም ሆነ ሴት ብዙ አመልካች ወደሚመልሱ ክፍሎች ነበር።

ታዲያ አድልዎ የለም ማለት ነው? እሱን ቁጥሩ ብቻውን አይነግራችሁም። ሴቶች ለምን ወደነዚያ ክፍሎች እንዳዘነበሉ ሌላ ጥያቄ ነው፣ እሱ የእናንተ ሙያ ነው። የሥራ ደረጃው ግን ይህ ነው፦ ሁለት ቡድን ስታነጻጽሩ ውጤቱን ሊቀይር የሚችል ሦስተኛ ነገር ገምቱ፣ ለእያንዳንዱ የተለየ ሰንጠረዥ ሥሩ፣ ከዚያ ድምሩ የሚለውና ክፍሎቹ የሚሉት ይስማማ እንደሆነ እዩ።

7. ከናሙናው ወደ ሕዝቡ ስትሻገሩ

ከጠየቃችኋቸው ሰዎች (ከናሙናው) ያገኛችሁት መቶኛ ከመላው ሕዝብ መቶኛ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል በፍጥነት ለመገመት 1 ን ለናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት አካፍሉ። 100 ሰው ከሆነ ስህተቱ ወደ 10 በመቶ ከፍና ዝቅ ይላል፣ 400 ሰው ከሆነ 5፣ 1,600 ከሆነ 2.5። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ ናሙናው አራት እጥፍ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ሰዎቹ በዕጣ ከተመረጡ ነው። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1936 ወደ 10 ሚሊዮን መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበና በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች በ46ቱ አሸነፈ። መጽሔቱ አድራሻዎቹን በብዛት የወሰደው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፣ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን። መልስ የላኩትም ካልላኩት ይለያሉ። ብዛት የተጣመመ ናሙናን አያቃናም።

8. አሁን ሁሉንም አንድ ላይ ሞክሩ

ስንት ተማሪ ፈተና ላይ እንደሚኮርጅ ማወቅ ትፈልጋላችሁ። ፊት ለፊት ብትጠይቁ ማን ያምናል? ለዚህ የሚሆን ዘዴ ስታንሊ ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1965 አቅርቦ ነበር፤ ከእሱ በኋላ ከመጡት ቀለል ያለው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ሳንቲም ይወረውራል። ሰው ከወጣ ኮረጀም አልኮረጀም "አዎ" ይላል። ጎፈር ከወጣ እውነቱን ይናገራል። ሳንቲሙን እናንተ አታዩትም። ስለዚህ "አዎ" ያለን ተማሪ ማንም ኮራጅ ሊለው አይችልም።

400 ተማሪ ጠየቃችሁና 240ው "አዎ" አሉ እንበል። ከስንቱ ስንቱ? 200 ገደማ በሳንቲሙ ምክንያት ብቻ "አዎ" ብለዋል። የቀሩት 40 ጎፈር ከወጣላቸው 200 ውስጥ ናቸው፤ 40 ሲካፈል ለ200፣ 20 በመቶ። ማን እንደሆነ ሳታውቁ ስንት እንደሆነ አወቃችሁ።

አሁን ገልብጡት። "አዎ" ካሉት ውስጥ በእርግጥ የኮረጀው ስንት ነው? ከ400ው 20 በመቶ 80 ነው፣ ሁሉም "አዎ" ብለዋል። 80 ሲካፈል ለ240፣ 33 በመቶ። "አይ" ያሉት 160ዎቹስ? ሁሉም መመሪያውን ከጠበቁ ዜሮ ነው። እዚህ ጋ ግን አንድ ቀዳዳ አለ፦ "አይ" ማለት ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ስለሚያደርግ አንዳንዱ ኮራጅ ሳንቲሙ "ሰው" ቢወጣለትም "አይ" ሊል ይችላል፤ ያኔ 20 በመቶው ከእውነቱ ያንሳል። በዳይስ ብታደርጉት፣ 1 ሲወጣ "አዎ"፣ 6 ሲወጣ "አይ"፣ ከ2 እስከ 5 እውነት ቢባል፣ "አይ" ያለውም በዕጣ ሊሆን ስለሚችል ቀዳዳው ይጠባል። በ400 ሰው ራሳችሁ አስሉት፣ ከ400ው 67 ገደማ በግድ "አዎ"፣ 67 ገደማ በግድ "አይ" ይላሉ።

ዘዴው በነጻ አይደለም። በሳንቲሙ ሲሠራ ጎፈር የወጣላቸው መልስ ብቻ ስለሚጠቅምና የትኞቹ እንደሆኑም ስለማናውቅ በቀጥታ ብንጠይቅ ወደ 4 በመቶ የነበረው ስህተት (የፈጣኑ ግምት 5 ለ50 በመቶ ገደማ ነው፣ ለ20 በመቶ ትንሽ ያንሳል) ወደ 10 ያድጋል፤ ወደ 4ቱ ለመመለስ 400 ሳይሆን 2,400 ተማሪ መጠየቅ አለባችሁ።